የዓሣ ዘይት ታሪክ፦ ከባሕር ዳርቻ እስከ እንክብል



በአቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕ (ረ.ዐ) የተመሩ 300 ሰሓቦች ወደ ባሕር ዳርቻ ዘምተው ስንቅ አለቀባቸው። ቅጠል እስከ መብላት ደረሱ። አላህ (ሱ.ወ) ግን ከባሕር አንድ ግዙፍ ዓሣ አወጣላቸው። ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ሥጋውን በሉ፣ ስቡን ተቀቡ፣ ሰውነታቸውም ተመለሰ። መዲና ሲደርሱ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከተረፈው በሉ። የባሕር ሲሳይ ሐላልም ኒዕማም ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ጭስ ፀሐይን በጋረደባቸው የአውሮፓ ከተሞች የሕፃናት እግር ይጣመም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ዶክተር ጆን ሂዩዝ ቤኔት ኮድ ከተባለው ዓሣ ጉበት ስለሚወጣው ዘይት መጽሐፍ ጻፉ። በ1919 ኤድዋርድ ሜላንቢ ዘይቱ የቡችሎችን የአጥንት መለስለስ እንደሚከላከል አሳዩ። በ1922 ደግሞ እነ ኤልመር ማኮለም ምስጢሩን አገኙ፤ ዛሬ ቫይታሚን ዲ የምንለው ነው።

በ1970ዎቹ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ባንግና ዳየርበርግ የግሪንላንድ ሰዎችን ደም መርምረው፣ ልባቸውን የሚጠብቀው የባሕር እንስሳት ስብ ሳይሆን አይቀርም አሉ። የኦሜጋ 3 ዝና ከዚያ ተነሣ። ነገር ግን ዝናው ከማስረጃው ቀደመ። በ2018 ይፋ በሆነ የብሪታንያ ጥናት፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው 15,480 ሰዎች ከ7 ዓመት በላይ ተከታትለዋል። በቀን 1 ግራም የዓሣ ዘይት የወሰዱት፣ የወይራ ዘይት ከወሰዱት ይልቅ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ አልተጠበቁም።

ታዲያ ምን እንያዝ?

• ዓሣውን መብላት መልካም ነው። ለአብዛኛው ሰው መጠነኛ እንክብልም ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ማግሳትና የሆድ መረበሽ ይታያል።
• በብዛት ሲወሰድ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።
• የጉበቱ ዘይት ቫይታሚን ኤ ስላለው ነፍሰ ጡር እህቶች ይጠንቀቁ።
• ዘይቱ ሐላል ቢሆንም የእንክብሉ ሽፋን ጀላቲን ከአሳማ ሊሠራ ይችላል፤ ጽሑፉን እናንብብ።

ከዓረብ አገር ለእናትና ለአባት እንክብል መላክ ደግ ሥራ ነው። ስትልኩ ግን የደም ግፊቱን ወይም የስኳሩን መድኃኒት እንዳያቋርጡ አደራ በሏቸው። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ነውና።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።