የተከለከለ ስብከትና ያልተከለከለ መጽሐፍ፤ ስለ ኦኔሲሞስ ነሲብ ጽናት

ሃይማኖትን ለማስተማር የተነሡ ሰዎች በተከለከሉ ጊዜ የሚያሳዩት ጽናት ብዙውን ጊዜ በትዕግሥታቸው ብቻ ይመዘናል። የታሪክ ተመልካች ግን ከዚህ አልፎ መጠየቅ ይገባዋል፤ ይኸውም በሩ በተዘጋባቸው ዘመን ምን ሠሩ? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ግልጽ መልስ ከሚሰጡት አንዱ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። ገና ልጅ ሳሉ ባሪያ ፈንጋዮች ሰርቀው ሸጧቸው፤ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተላለፉም ምጽዋ ደረሱ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን አስረከባቸው። በ1872 ሲጠመቁ የተሰጣቸው ስም፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት የማለደለት የባሪያው ስም ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ስዊድን ተልከው አምስት ዓመት ተማሩና በ1881 ተመለሱ።

ሚሲዮኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያሰበው ወደ ኦሮሞ አገር ለመድረስ ነበር። ይህን አሳብ ያሳደረበት ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ሲሆን፣ እርሱም ራሱ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ተቀምጦ በ1842 ከወጣ በኋላ ተመልሶ እንዳይገባ የተከለከለ ሰው ነበር። እንግዲህ የኦኔሲሞስ ተልእኮ ከመነሻው በክልከላ ላይ የተመሠረተ ነበር ማለት ይቻላል።

ኦኔሲሞስ እንደ ተመለሱ በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሡ። ከባልንጀሮቻቸው ጋራ እስከ ፋማካ ደርሰው ሳለ የማህዲስቶች ሁከት መንገዱን ስለ ዘጋው በ1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ፤ ስዊድናዊው ጓደኛቸው ጉስታፍ አሬኒየስም በመልሱ ጉዞ ሞተ። በሁለተኛው ጊዜ በሸዋ በኩል ሞክረው በ1886 እንጦጦ ደረሱ። ንጉሥ ምኒልክ ቢቀበሏቸውም አጼ ዮሐንስ የውጭ አገር ሚሲዮኖችን ስለ ከለከሉ ወደ ፊት እንዲያልፉ አልፈቀዱላቸውም። ስለዚህ ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ ተመልሰው በምጽዋ አጠገብ ባለችው በእምኩሉ ተቀመጡ።

ይህን ክልከላ በጥላቻ ብቻ መተርጐም ትክክል አይደለም። ኢትዮጵያ ከአራተኛው ምእት ዓመት ጀምራ ክርስቲያን የሆነች አገር ናት፤ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን መምጣት በ1632 አጼ ሱስንዮስን ከዙፋን እስከ ማውረድ የደረሰ የእርስ በርስ ጦርነት አስከትሎ ነበር። በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን የታሰሩት አውሮጳውያንም፣ ከእነዚህም መካከል ሚሲዮናውያን ነበሩባቸው፣ ለ1868ቱ የእንግሊዝ ዘመቻ ምክንያት ሆነዋል። ስለዚህ ነገሥታቱና ካህናቱ በሚሲዮን ላይ ያላቸው ጥርጣሬ ከታሪክ ትውስታ የመነጨ ነበር። የኦኔሲሞስ ነገር ልዩ የሚሆነው ግን፣ የተጠረጠሩት ሰው የውጭ አገር ሰው ሳይሆኑ የአገሩ ተወላጅ በመሆናቸው ነው።

በእምኩሉ ያሳለፉት ዘመን የትርጕም ዘመን ሆነ። በዚህ ሥራ ዋና ረዳታቸው አስቴር ጋኖ ነበሩ። አስቴርም በልጅነታቸው ባሪያ ሆነው በባሕር ሲጓጓዙ በ1886 የኢጣልያ መርከብ አስጥሎ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ያስገባቸው ናቸው። ኦኔሲሞስ ከትውልድ አገራቸው በሕፃንነት ስለ ወጡ የቋንቋው ሙላት ያንሳቸው ነበር፤ ይህን የሞሉላቸው አስቴር ናቸው። እርሳቸውም አምስት መቶ ያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከቃል ሰብስበው ጻፉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ገብተዋል። ለሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ይህ ስብስብ ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ የተሰበሰበው በምርኮ በተወሰዱ ሰዎች አማካይነት መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በ1893 ሐዲስ ኪዳን፣ በ1899 ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና በግዕዝ ፊደል ታተመ።

ኦኔሲሞስ ወለጋ የገቡት በ1904 ነው። በቦጂ ከ1898 ጀምሮ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ያስተምሩ ስለ ነበር መንገዱ ተጠርጎ ቆይቷቸዋል። በነቀምቴም የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞሮዳ፣ በመልካም ተቀበሏቸው። ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ማስተማራቸው አድማጭ አበዛላቸው፤ ያንኑ ያህል ግን የካህናቱን ተቃውሞ አስነሣባቸው። ለእመቤታችን ተገቢውን ክብር አልሰጡም ተብለው በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡና አገር ለቀው እንዲወጡ ተፈረደባቸው። አጼ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ መስበክ ግን ተከለከሉ።

የዚህ ፍርድ ውጤት ሊመረመር ይገባዋል። ስብከት ተከለከለ እንጂ ንባብ ማስተማር አልተከለከለም። ኦኔሲሞስም በግልጽ የሚሠሩትን ሥራ ወደ ትምህርት ቤቱ መለሱት። ማንበብ የተማረ ልጅ በቋንቋው የሚያገኛቸው መጻሕፍት በእምኩሉ ዘመን የተዘጋጁት ነበሩና፣ የመምህሩ አፍ ቢታሰር መጽሐፉ ይናገር ነበር። ፍርዱን የጣሰ ተግባር ሁሉ ለስደት ሊዳርጋቸው እየቻለ ቃሉንም ፈጽመው አልተዉም፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቃድ እስኪሰጧቸው ድረስ በዚህ ሁኔታ ቆዩ። ሕዝቡ አባ ገመቺስ፣ የደስታ አባት፣ እያለ የጠራቸው ኦኔሲሞስ በ1931 በነቀምቴ አረፉ።

ጽናት ብቻውን ይህን ሁሉ ሠራ ማለት ግን ማጋነን ይሆናል። የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ጥበቃ፣ የአጼ ምኒልክ መካከለኛ ፍርድና የአስቴር ጋኖ ዕውቀት ባይኖሩ ኖሮ የሥራው ፍጻሜ ሌላ በሆነ ነበር። ቢሆንም እነዚህ ዕድሎች የመጡት ሥራው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ለቆየ ሰው ነው። ወለጋ የተዘጋባቸው ከሃያ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ባይኖር ኖሮ፣ በ1904 ኦኔሲሞስ ይዘውት የሚገቡት መጽሐፍ ባልኖረ ነበር። በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በወለጋ ያገኘችው መሠረት ከዚህ ሥራ የሚነሣ ነው፤ ከዚያች ቤተ ክርስቲያን ውጭ ላሉትም ቢሆን የኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ያለ እነዚህ መጻሕፍት አይጻፍም።