ቶና የመሰለ ውሃ

ጅማ ውስጥ ሳሎኔ ጥግ ላይ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ባቆምኩ ሰሞን፣ ቡና ሊጠጡ የመጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ገንዳውን ዞር ብለው አዩና «ልጄ፣ ዓሣው የታለ?» አሉኝ። «ገና ነው እማማ» አልኳቸው። በሳምንቱ መጡ፤ ዓሣ የለም። በአሥራ አምስተኛው ቀን መጡ፤ ዓሣ የለም። በወሩ ትዕግሥታቸው አለቀና «ታዲያ ውሃ ነው እንዴ የምታሳድገው?» ሲሉ ሳቁብኝ። ሳያውቁት ትክክለኛውን ቃል ተናግረው ነበር።

ያሰብኩት ዲስከስ የሚባለውን ዓሣ ነበር። ስሙን ያገኘው አትሌቶች ከሚወረውሩት ዲስከስ ነው፤ ክብና ጠፍጣፋ፣ መዳፍ የሚያህል፣ ጎኑ ላይ ቁልቁል የወረዱ ጥቋቁር መስመሮች ያሉት። አገሩ የአማዞን ወንዝ ተፋሰስ ነው። ዮሃን ናተረር የተባለው የኦስትሪያ ተጓዥ እ.ኤ.አ. ከ1817 እስከ 1835 ብራዚልን ሲያስስ ቆይቶ የሰበሰባቸውን እንስሳት ወደ ቪየና ላከ። እዚያ በሙዚየም ይሠራ የነበረው ዮሃን ያኮብ ሄከል ከተላኩት መካከል ይህን ዓሣ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1840 ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። ሁለተኛውን የዲስከስ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1904 የሰየመው ፈረንሳዊው ዣክ ፔለግራን ነበር። እኔን የገረመኝ፣ ይኸው ሰው በማግሥቱ ዓመት የሮትሽልድ ተልዕኮ ከአገራችን ይዟቸው ስለሄደ ዓሦች መጻፉ ነው። የአማዞኑም የሐበሻውም ዓሣ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው።

የሄከል ዲስከስ የመጣው ከሪዮ ኔግሮ ነው፤ ትርጉሙ ጥቁር ወንዝ። ውሃው የጠቆረው በጭቃ አይደለም፤ የደን ቅጠል እየተዘፈዘፈበት ነው። ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ቀለሙ ሁለተኛው ቡና፣ ማለትም ቶና እንደሚመስል የቡና አገር ሰው ቶሎ ይገባዋል። ጨውና ኖራ የሌለበት፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ሙቀቱም ሠላሳ ዲግሪ የሚቃረብ ውሃ ነው።

ዓሣን በመስታወት ውስጥ አኑሮ ማየት ራሱ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። የለንደን የአራዊት መጠበቂያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1853 ሲሆን፣ አኳሪየም የሚለውን ስም በሰው አፍ ያስገባው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በማግሥቱ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ከዚያ ወዲያ የእንግሊዝ ሳሎን ሁሉ በመስታወት ገንዳ ተሞላ፤ ብዙዎቹም ዓሦቻቸውን ገደሉ። ዲስከስ በተለይ ለረጅም ጊዜ እንቢ ያለ ዓሣ ነበር። አርቢዎች ጫጩቶቹ እንዳይበሉ ብለው ከወላጆቻቸው ይለያሉ፤ ጫጩቶቹ ይሞታሉ። ምክንያቱ ግልጽ ሆኖ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ሂልደማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ የዲስከስ ጫጩቶች ከእናትም ከአባትም ገላ ላይ የሚመነጨውን ዝልግልግ ፈሳሽ እየላሱ እንደሚያድጉ አስታወቀ። ጡት የሌለው አጥቢ በሉት። ለሐይቆቻችን ቆሮሶም የሥጋ ዘመዱ ነው፤ የቆሮሶ እናት ደግሞ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። ልጅን በአካል መጠበቅ የዘር ነገር ይመስላል።

አሁን ወደ ገንዳዬ ልመለስ። ጀማሪ የሚሳሳተው ዓሣውን ከውሃው አስቀድሞ ሲያመጣ ነው። ዓሣ ከሚያወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይፈጠራል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። በስፖንጁና በመስታወቱ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ፍጥረታት እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል። ውሃ ማሳደግ ያልኩት ይህንን ነው። የቧንቧውም ውሃ ክሎሪኑ እንዲተን ሲባል በርሜል ውስጥ ማደር አለበት።

ሌላም ጣጣ አለ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። በባሕር ጠረፍ 29 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር ከሰባት ሚሊ ግራም ተኩል በላይ ኦክሲጅን ሊይዝ ሲችል፣ እዚህ ያው ውሃ የሚይዘው ስድስት ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አየር የሚነፋው ፓምፕ ሌሊትም ቀንም መሥራት አለበት፤ ማሞቂያውም እንዲሁ። ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ጊልጌል ግቤ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ እኔ ግን መብራት የጠፋ ሌሊት ባዶ ገንዳዬን በብርድ ልብስ ስጠቀልል ተይዣለሁ።

«ለስላሳ ውሃ ከፈለግህ ከወንዝ ቅዳ» ብሎ አንድ ወዳጄ መከረኝ። በኅዳር ወር ወደ አጋሮ ስሄድ መንገድ ላይ ካለ ወንዝ አንድ ጀሪካን ቀዳሁ። ቀለሙ ልክ እንደ ቶና ነበርና ሪዮ ኔግሮን ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሽታውን ግን አልወደድኩትም። ሠፈር ውስጥ ልጆች ከቦዬ ረግረግ በጠርሙስ ያመጡልኝን ሁለት ትናንሽ ዓሦች ለሙከራ ባልዲ ውስጥ ጨመርኳቸው። ማታ አፋቸውን ውሃው ፊት ላይ ደቅነው ሲያለከልኩ አየኋቸው፤ ጧት ተንሳፈው አገኘኋቸው።

ውሃውን ያጠቆረው ቅጠል ሳይሆን ቡና ነበር። በድሮው ጊዜ የዚህ አገር ቡና በአብዛኛው ጀንፈሉ በፀሐይ ደርቆ የሚፈለፈል ስለነበር ውሃ አይፈልግም ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ግን የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ተስፋፉ፤ ሊሙ ተብሎ በታጠበው ቡና የሚታወቀውም ስም ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። መፈልፈያው ወንዝ ዳር ይተከላል። ከእሸቱ የሚወጣው ልጣጭና ጣፋጭ ልጋግ ከውሃው ጋር ወንዝ ሲገባ ይቦካል፤ ሲቦካም ኦክሲጅኑን ይጨርሳል። ነገሩን የከፋ የሚያደርገው፣ ሥራው የሚጧጧፈው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ዝናቡ አቁሞ ወንዙ በሚቀንስበት ጊዜ መሆኑ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ይህ ፍሳሽ ወንዞቹን ብቻ ሳይሆን በአካባቢው የሚኖሩትንም ሰዎች ጤና እንደሚጎዳ አሳይተዋል። እኔ ሁለት ዓሣ ሞተብኝ ብዬ አዘንኩ፤ ከወንዙ በታች ያለችው እናት ግን ያንኑ ውሃ በእንስራ ትቀዳለች። ውሃ የሚቆጥቡ መፈልፈያዎች እየመጡ ነው፤ የፍሳሽ ጉድጓድ መቆፈርም ከባድ ጥበብ አይደለም። የታጠበው ቡና ዋጋ ሲነገር ግን የወንዙ ድርሻ ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ፊቴን ወደ ዝናብ አዞርኩ። የጅማ ዝናብ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሲወርድ ጨው የሌለበት ለስላሳ ውሃ ነው። ግንቦት ላይ በርሜሎቼን ደረደርኩ፤ ሰኔ ሳይገባ የትንኝ እጭ ሞላባቸው። ይህም የራሱ ታሪክ አለው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የትንኝ እጭ የምትበላውን ጋምቡዚያ ወደ አገራችን አስገብተዋል። አሰብ ደግሞ፣ ያኔ የኢትዮጵያ ወደብ ሳለች፣ የጤና ባለሙያዎች አፋኒየስ የምትባለውን የአካባቢውን ትንሽ ዓሣ በጉድጓዶችና በውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ጨምረው የወባ ትንኝን እጭ እጅግ ቀንሰዋል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ዓሣ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ማኖር ለእኛ ሰው የቅንጦት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ዲስከሶቹን አላመጣሁም። መብራቱ በማይታመንበት ከተማ ሠላሳ ዲግሪ የለመደ ፍጡር ማምጣት ጭካኔ መስሎ ታየኝ። በምትኩ አምስት የጣት ጫፍ የሚያህሉ ቆሮሶዎች አስገባሁ። እጩን በጭልፋ ስጨምርላቸው በሁለት ደቂቃ ጠርገው ይበሉታል።

አሮጊቷ ጎረቤቴ መጥተው መነጽራቸውን አስተካከሉና መስታወቱን ተጠግተው አዩ። «ይኼ እኮ ቆሮሶ ነው!» አሉ። «አዎ እማማ።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ስኒያቸውን አነሡ። «ለፍልሰታ ይደርስ ይሆን?»