አጎት ያረሰው መሬት

እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል። ልዩነቱ የሚመጣው ሲመሽ ነው፤ ያንዱ እናት ጨውና በርበሬዋን ይዛ ትመለሳለች። ሌላውንስ ማን ይዞት ይገባል? ጨዋታዬ ስለዚህኛው ነው።

አማራ ክልል፣ ዋግ ላይ ይህ ጥያቄ ብዙ አያድርም። ቀባሪ ሲመለስ አክስት ትንሹን አዝላ ታገኟታላችሁ፤ ማንም አላዘዛትም። እስከ አርባው ደግሞ ሽማግሎች ይቀመጣሉ። ትልቁ ለአጎቱ፣ ሴቷ ለአክስቷ፣ ጡት ያልጣለው ለአያቱ። አያት “ሁሉንም ለኔ” ይላሉ፤ “እማሆይ፣ በምን ጉልበትዎ?” ይሏቸዋል። እኔ ይህን ክፍፍል አልወደውም፤ ሦስቱ በአንድ ጀንበር በሦስት መንደር ይበተናሉ። ግን እህል በቁና ተሰፍሮ በሚበላበት ቤት ሦስት አፍ ባንዴ ማን ይቀበላል?

ደንቡ አንዴ ተሰብሯል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ አጎትም አክስትም አብረው ወደ ኮረም መጠለያ ተሰደዱ። ዘመድ ለዘመድ መሆን ያቃተው ልቡ ጨክኖ ሳይሆን ጎተራው ተራቁቶ ነበር። ያኔ ማሳደጊያ ተከፈተ። ኢየሩሳሌም የሕፃናት ማሳደጊያ የተቋቋመው በዚያው ዘመን ነው፤ ኋላ ግን ቤቶቹን ዘግቶ ልጆቹን ወደ ዘመድና ወደ ማኅበረሰቡ መመለስን መረጠ። ግቢ ውስጥ ያደገ ልጅ ይበላል፣ ይለብሳል። ሠርጉ ላይ ግን ማን ይቆምለታል? ደቦ ቢያስፈልገው ማንን ይጠራል?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ልጅ ብቻውን አይመጣም፣ መሬት ይዞ ይመጣል። አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ላይ የአባትና የእናት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ለአንዳንዱ ልጅ የወላጆቹ ፎቶ ይኸው ብቻ ነው፤ አያት በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን የሚከቱት ለዚያም ይመስለኛል።

መሬቱን የሚያርሰው አጎት ነው። በሬው የአጎት፣ ዘሩ የአጎት፣ መሬቱ የልጁ። ለባዕድ በእኩል ቢሰጥ ግማሹ ምርት ለልጁ በገባ ነበር። አጎት ግን ያበላል፣ ያለብሳል። የተበላውንና የታረሰውን ማን ያተሳስብ? ደጉ አጎት ከምርቱ ቀንሶ አንዲት ፍየል ይገዛለታል፤ ግልገሎቿ የልጁ ናቸው፣ አይነኩም። ክፉው “አሳደግሁህ” ይላል፣ አለቀ። ጠዋት መንገድ ላይ ቁሙና እዩ፤ የአጎት ልጅ ደብተር ይዞ ሲወጣ ወላጅ የሞተበት ፍየል እየነዳ ከወጣ፣ ከየትኛው ቤት እንደሆነ መጠየቅ አያሻም።

ሕግ የለም አልልም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ሞግዚትና አሳዳሪ የሚሆኑትን ከአያት ጀምሮ እስከ አጎትና አክስት ደርድሯል፤ የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን አውጥቷል። ንብረቱ ለልጁ ጥቅም ይተዳደር ይላል። ደግ ቃል ነው። ልጁ ግን አጎቱን ከሶ ማታ የት ያድራል?

ስለዚህ የሚዳኘው የጎረቤት ዓይን ነው። ነሐሴ 16 ሻደይ ሲገባ ልጃገረዶች አጊጠው ሲወጡ፣ አክስት ለልጇ አዲስ ቀሚስ ገዝታ ለእህቷ ልጅ የአምናውን ብታለብስ የሰቆጣ ከተማ ሁሉ ያያል። ያላት ገዝታ፣ የሌላት ተበድራ ሁለቱን ታለብሳለች። እውነት ነው፣ ዳኛ ያልደረሰበት ሐሜት ይደርሳል። ሐሜት ግን ቀሚስ ያያል እንጂ ጎተራ ገብቶ አይሰፍርም።

የጎተራው ነገር የሚወጣው ልጁ አሥራ ስምንት ሞልቶት መሬቴን ሲል ነው። አጎት ላቡን ያስታውሳል። አብዛኛውን ይለቅና አንዷን የጓሮ ቁራሽ ይዞ ይከራከራል። “ይቺን ተዉልኝ፣ ፍግ ያፈሰስሁባት እኔ ነኝ።”

“ፍጉ ከየት መጣ?” ይላል ሽማግሌው።

“ከፍየሎቼ ነዋ።”

“ፍየሎችህንስ ማን ጠበቃቸው?”