ሰው ሠራሽ ጥርስ

ሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም አርቴፊሻል ጥርስ የወለቁ ወይም የተነቀሉ የተፈጥሮ ጥርሶችን ለመተካት የሚሠራ የሕክምና ዕቃ ነው። በሰፊ ትርጉሙ ከጎረቤት ጥርሶች ጋር ተጣብቆ የሚቀረውን ድልድይ (ብሪጅ) እና አጥንት ውስጥ የሚተከለውን ኢምፕላንትም ይጨምራል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው ተጠቃሚው ራሱ እያወጣ መልሶ የሚያደርገውን፣ ድድ ላይ የሚቀመጠውን ተነቃይ ጥርስ ነው።

ተነቃይ ጥርስ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነሱም ድድ የሚመስለው ሮዝ መደብ እና በመደቡ ላይ የተደረደሩት ጥርሶች ናቸው። የተፈጥሮ ጥርስ በሥሩ አጥንት ውስጥ ተይዞ ይኖራል። ተነቃይ ጥርስ ግን ሥር ስለሌለው ድድ ላይ ያርፋል። ከሥሩ ያለው ድድና አጥንት ደግሞ ከዓመት ዓመት ቅርጹን ይለውጣል። ስለዚህ ተነቃይ ጥርስ አንዴ ተሠርቶ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ዕቃ አይደለም፤ በየጊዜው መታየት፣ መስተካከልና በመጨረሻም መለወጥ አለበት።

ጥርስ የሚጠፋበት ምክንያትና የሚያስከትለው ለውጥ

አንድ አዋቂ ሰው በመጨረሻ የሚበቅሉትን አራት መንጋጋዎች ጨምሮ በአብዛኛው 32 ቋሚ ጥርሶች አሉት። ለጥርስ መጥፋት ዋናዎቹ ምክንያቶች የጥርስ መበስበስ እና የድድ በሽታ ናቸው። አደጋ፣ ዕጢና በተፈጥሮ ሳይበቅሉ የሚቀሩ ጥርሶችም ይጨመራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች 7 ከመቶ የሚጠጉት፣ ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑት ደግሞ 23 ከመቶ የሚሆኑት ጥርሳቸውን በሙሉ ያጡ ናቸው።

ጥርስ ሲጠፋ ማኘክ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ነክቶ የሚፈጥረው የ«ፍ» ድምፅ፣ እንዲሁም አየር በጥርሶች መካከል ሲያልፍ የሚወጡት «ስ» እና «ዝ» ይበላሻሉ። ከንፈርና ጉንጭ ደጋፊ ስለሚያጡ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ በአፍንጫና በአገጭ መካከል ያለው ርቀትም ያጥራል። የጠፉት ጥቂት ጥርሶች ከሆኑ አጠገባቸው ያሉት ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ በትይዩ ያለው ጥርስም ወደ ባዶው ቦታ ሊወጣ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የአጥንት መሟሸሽ ነው። የመንጋጋ አጥንት ጥርስን አቅፎ የሚይዘው ክፍል የሚኖረው ለጥርሱ ሲል ነው። ጥርሱ ሲወጣ ያ ክፍል ሥራ ያጣና ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ለውጡ በመጀመሪያው ዓመት ፈጣን ሲሆን ከዚያ በኋላ ቢዘገይም አይቆምም። አንትየ ታልግረን የተባሉት ተመራማሪ ሙሉ ተነቃይ ጥርስ የሚያደርጉ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ የታችኛው መንጋጋ የሚያጣው አጥንት ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይተዋል።

ታሪክ

በዛሬዋ ጣሊያን ይኖሩ የነበሩት ኤትሩስካውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የሰው ወይም የእንስሳ ጥርስ በወርቅ ጥብጣብ እያሰሩ ይተኩ ነበር። በጃፓን ደግሞ ሙሉ ጥርስ ከእንጨት ተፈልፍሎ ይሠራ ነበር። በዚያ ከሚታወቁት ሁሉ ጥንታዊ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1538 የሞተች ናካኦካ ቴይ የተባለች የቡድሃ መነኩሲት የነበራት የእንጨት ጥርስ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ መደቡ ከዝሆን ወይም ከጉማሬ ጥርስ ይቀረጽ ነበር። የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1789 ሥልጣን ሲይዙ በአፋቸው የቀረው የራሳቸው ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ጥርሳቸው የእንጨት ነበር የሚለው ወሬ ስሕተት ነው፤ ከጉማሬ ጥርስ፣ ከሰውና ከእንስሳት ጥርስ እንዲሁም ከብረት የተሠሩ ነበሩ። በሂሳብ መዝገባቸው ላይ እ.ኤ.አ. በ1784 ለዘጠኝ ጥርሶች ለባሮች የተከፈለ ገንዘብ ሰፍሮ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1815 ከተደረገው የዋተርሉ ጦርነት በኋላ ደግሞ ከሞቱ ወታደሮች አፍ የተነቀሉ ጥርሶች ለገበያ ስለቀረቡ «የዋተርሉ ጥርስ» የሚል ስም ወጣላቸው።

የሰውና የእንስሳ ጥርስ አፍ ውስጥ ይበሰብስና ይሸት ስለነበር ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ሆነ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይ አሌክሲስ ዱሻቶ የተባለው መድኃኒት ቀማሚና ኒኮላ ዱቧ ደ ሼማን የተባለው የጥርስ ሐኪም ከፖርሴሊን ጥርስ መሥራት ጀመሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በድኝ ተቀቅሎ የሚጠነክር ጎማ ሲገኝ ርካሽና ከአፍ ልክ ጋር የሚገጥም መደብ ማዘጋጀት ተቻለ። ይሁን እንጂ የፈጠራ መብቱን የያዘው ኩባንያ ከየጥርስ ሐኪሙ ክፍያ ይጠይቅ ስለነበር ብርቱ ጠብ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1879 የኩባንያው ኃላፊ ጆሳያ ቤከን በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ የጥርስ ሐኪም ተተኩሶበት ሞተ። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጎማውን ቦታ አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ ወሰደ። አክሪሊክ የድድ ቀለም ለመያዝ፣ ለመጠገንና ለማስተካከል ስለሚመች እስከ ዛሬ ዋናው የመደብ መሥሪያ ነው።

ዓይነቶች

ሙሉ ተነቃይ ጥርስ፦ በላይኛው ወይም በታችኛው መንጋጋ ላይ አንድም ጥርስ ላልቀረው ሰው የሚሠራ ነው።

ከፊል ተነቃይ ጥርስ፦ ጥቂት ጥርሶች ሲቀሩ የሚሠራ ሲሆን በቀሩት ጥርሶች ላይ በሽቦ ወይም በብረት መንጠቆ ይያዛል። ርካሹ ዓይነት መደቡ አክሪሊክ ነው። ውዱ ከኮባልትና ከክሮሚየም ቅልቅል የተሠራ ቀጭን የብረት አጽም አለው። ብረቱ የማኘክን ኃይል ከፊሉን በቀሩት ጥርሶች ላይ ስለሚያሳርፍ ድዱን ከጫና ያድነዋል።

የዕለቱ ተነቃይ ጥርስ፦ አስቀድሞ ተሠርቶ ጥርሶቹ በተነቀሉበት ቀን የሚደረግ ነው። ታካሚው ያለ ጥርስ አይውልም፤ ነገር ግን ቁስሉ ሲድንና አጥንቱ ሲቀንስ ቶሎ ስለሚላላ በወራት ውስጥ መስተካከል ይኖርበታል።

በኢምፕላንት የሚያዝ ተነቃይ ጥርስ፦ አጥንት ውስጥ በተተከሉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የታይታኒየም ብሎኖች ላይ እንደ ቁልፍ እየገባ የሚያዝ ነው።

አፍ ውስጥ የሚያዝበት መንገድ

በሁለት የመስተዋት ቁራጮች መካከል ጥቂት ውሃ ቢደረግ እርስ በርስ ተጣብቀው ለማላቀቅ ያስቸግራሉ። የላይኛው ሙሉ ጥርስም የሚያዘው በዚሁ ዘዴ ነው። መደቡ ላንቃን በሙሉ ስለሚሸፍን በመካከል ያለው ስስ የምራቅ ሽፋን ያጣብቀዋል፤ ጠርዙ በደንብ ከተዘጋም አየር አይገባበትም። አፉ የሚደርቅበት ሰው ጥርሱ አልያዝ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የታችኛው ጥርስ ግን ለምላስ ቦታ ለመተው ሲባል እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት ክፍት ሆኖ ይሠራል። የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ነው፣ ምላስና ጉንጭም ሁልጊዜ ይገፉታል፤ ከሥሩ ያለው አጥንትም ቶሎ የሚሟሽሸው ነው። ተጠቃሚዎች ከላይኛው ይልቅ በታችኛው ጥርስ የሚያማርሩት ሠሪው ስለተሳሳተ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ ጥርስ ለሌለው የታችኛው መንጋጋ በሁለት ኢምፕላንት የሚያዝ ተነቃይ ጥርስ የመጀመሪያ ምርጫ እንዲሆን የመከሩትም በዚሁ የተነሣ ነው።

አሠራር

ሙሉ ጥርስ ለማሠራት ብዙውን ጊዜ አምስት ያህል ቀጠሮ ያስፈልጋል። ሐኪሙ በመጀመሪያ አፉን መርምሮ የድዱን ልክ ለስላሳ ሆኖ በሚጠነክር ነገር ይወስዳል። በልኩ ላይ ጀሶ ይፈስበትና የአፉ አምሳያ ይወጣል። በዚህ አምሳያ ላይ ለታካሚው ብቻ የሚሆን ማንኪያ ተሠርቶ ሁለተኛና ጥንቃቄ የተሞላበት ልክ ይወሰዳል። ቀጥሎ በሰም ጠርዝ አማካይነት ሁለቱ መንጋጋዎች የሚገጥሙበት ከፍታና አቅጣጫ ይለካል፤ የጥርሱ ቀለምና መጠንም ይመረጣል።

በላቦራቶሪ ውስጥ ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው ለሙከራ ይላካሉ። ይህ ቀጠሮ ወሳኝ ነው፤ ጥርሱ ገና በሰም ላይ ስለሆነ መልኩና አነጋገሩ ያልተስማማው ሰው ያለ ችግር ማስለወጥ ይችላል። ሰሙ በአክሪሊክ ከተተካ በኋላ ግን ማስለወጥ ከባድ ነው። ታካሚው ሲስማማ ሥራው በጀሶ ውስጥ ይታሸጋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ባዶው ቦታ ላይ የአክሪሊክ ዱቄትና ፈሳሽ ቅልቅል ተሞልቶ በሙቅ ውሃ ይበስላል። በመጨረሻም ይወለወላል።

መልመድ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምራቅ መብዛት፣ የመታፈን ስሜት፣ የንግግር መለወጥና እዚህም እዚያም የሚያቆስል ቦታ የተለመዱ ናቸው። ጮክ ብሎ ማንበብ ምላስን ቶሎ ያለማምዳል። የሚያቆስለውን ቦታ ማስተካከል ያለበት ሐኪሙ ነው፤ ቤት ውስጥ በቢላ ወይም በሞረድ የተነካ መደብ ልኩን ያጣል።

በተነቃይ ጥርስ የሚገኘው የንክሻ ኃይል ከተፈጥሮ ጥርስ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ አመጋገብም አብሮ መለወጥ አለበት። እንደ ገንፎ፣ አጥሚትና ፍትፍት ካሉ ለስላሳ ምግቦች ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው መሄድ ይሻላል። ሥጋ ደቅቆ መከተፍ አለበት። በአንድ ጎን ብቻ ማኘክ መደቡን ስለሚያነሳው ምግቡን በሁለቱም ጎን ከፋፍሎ ማኘክ ይመከራል። የበቆሎ እሸት መጋጥ ወይም ሸንኮራ መገሽለጥ በፊት ጥርስ የሚሠራ ስለሆነ ጥርሱን ከኋላ ያስነሳዋል። ቆሎ ደግሞ ጠንካራ ከመሆኑ ሌላ ስብርባሪው ከመደቡ ሥር ገብቶ ድድ ያቆስላል፤ ለዚህ ሰው በሶ ይሻለዋል። ላንቃው የተሸፈነ ሰው የመጠጡን ትኩሳት በደንብ ስለማይለይ ቡናና ሻይ ሲጠጣ ጉሮሮውን እንዳያቃጥል መጠንቀቅ አለበት።

እንክብካቤ

ከምግብ በኋላ ጥርሱን አውጥቶ ማለቅለቅ፣ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል። የጥርስ ሳሙና አክሪሊኩን ስለሚፍቅና ጀርም የሚደበቅባቸው ጭረቶች ስለሚፈጥር አይመከርም። የፈላ ውሃ መደቡን ያጣምመዋል፤ በረኪና የብረት አጽሙን ያበላሻል። ሲታጠብ ከእጅ ሾልኮ ቢወድቅ እንዳይሰበር ውሃ ከያዘ ሳፋ በላይ ማጠብ ጥሩ ልማድ ነው። ድድ፣ ምላስና የቀሩት ጥርሶችም በየቀኑ መጽዳት አለባቸው።

ሌሊት ጥርሱ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ማደር አለበት። ሌት ተቀን ሳይወጣ የሚውል መደብ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ እንዲራባ ያደርጋል፤ ከሥሩ ያለው ድድም ይቀላል። ይህ ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ሳይታወቅ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በጃፓን ዕድሜያቸው 85 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 524 ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት፣ ጥርሳቸውን አድርገው የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ማግኘቱን ገልጿል።

የሚገጥሙ ችግሮች

አጥንቱ ሲቀንስ መደቡ ይላላል። የላላ ጥርስ ድዱን እየፈተገ የአጥንቱን መሟሸሽ ሊያባብስና ከጠርዙ ዳር የሥጋ መተጣጠፍ ሊያስከትል ይችላል። መፍትሔው የመደቡን ውስጠኛ ገጽ አሁን ካለው የድድ ቅርጽ ጋር እንዲገጥም በአዲስ አክሪሊክ መሙላት ነው። ማጣበቂያ ለጊዜው ይረዳል፤ ነገር ግን ልኩን የሳተ ጥርስ አያስተካክልም። ዚንክ ያለበትን ማጣበቂያ ለረጅም ጊዜ ከመጠን በላይ የተጠቀሙ ሰዎች የነርቭ ጉዳት ደርሶባቸዋል። የተሰበረ ጥርስን በቤት ማጣበቂያ መቀጠልም ስብራቱ በትክክል እንዳይገጥም ያደርጋል።

አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ብቻ የያዘና በደንብ የማይያዝ ትንሽ ከፊል ጥርስ ሊዋጥ ወይም ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። አክሪሊክ በኤክስሬይ ላይ በግልጽ ስለማይታይ ፍለጋውን ያከብደዋል። ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ተነቃይ ጥርስ እንዳለው አስቀድሞ መናገር ያለበት ለዚህ ነው።

ሳይነቀል የቆየ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ነጠብጣብ ከሁለት ሳምንት በላይ ካልዳነ ጥርሱ ነው ያቆሰለኝ ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የአፍ ካንሰርም በዚህ መልክ ሊጀምር ስለሚችል መመርመር አለበት። አንድም ጥርስ የሌለው ሰው ጭምር በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪም ዘንድ እንዲታይ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

አማራጮች

ድልድይ በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች ሞርዶ በላያቸው ላይ የሚጣበቅ ነው። አይወልቅም፤ ነገር ግን ጤነኛ ጥርስ ሊያስሞርድ ይችላል። ኢምፕላንት የሥርን ቦታ የሚተካ የታይታኒየም ብሎን ነው። መሠረቱን የጣሉት ታይታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ የደረሱበት ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያውን ታካሚ ያከሙት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ኢምፕላንት ኃይሉን በቀጥታ ለአጥንቱ ስለሚያስተላልፍ መሟሸሹን ይቀንሳል። በሌላ በኩል ቀዶ ሕክምና፣ በቂ አጥንትና ከፍ ያለ ወጪ ይጠይቃል። ተነቃይ ጥርስ ከሁለቱም ርካሽና ቀላል ነው። ለብዙ ጥርስ በአንዴ መተኪያ፣ አጥንቱ ላነሰና ለቀዶ ሕክምና አቅም ለሌለው ሰውም በብዙ ቦታ የሚገኘው መፍትሔ እሱ ሆኖ ቀጥሏል። ሊድን የሚችል ጥርስን ግን የትኛውም አማራጭ አይስተካከለውም፤ አንድ ሥር እንኳ መትረፉ በዙሪያው ያለውን አጥንት ያቆያል።