ድሬ ሸኽ ሑሴን፦ የአባቶቻችን አደራ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በቡሹሎም ሆነ በሌሎቹ የሐዋሳ ሰፈሮች የምንሰግድባቸው መስጂዶች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ከተማችን ራሷ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነውና። ስለዚህ ልጆቻችን እስልምና ወደ አገራችን ትናንት የገባ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። ነገር ግን በሻሸመኔና በዶዶላ አድርገን ወደ ባሌ ብንዘልቅ፣ ሮቤንና ጊኒርን አልፈን ድሬ ሸኽ ሑሴንን እናገኛለን።

ስፍራው ቀድሞ አናጂና ይባል ነበር። ሸኽ ሑሴን (ረሒመሁላህ) ከ800 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ምድር ዲንን ያስተማሩ ታላቅ ወሊይ ናቸው። ዙቅቱም የሚባለውን መስጂድ ያቆሙት እርሳቸው እንደሆኑ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። በቀብራቸው ላይ ያለውን ቁባ ያሠሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1783 እስከ 1794 የገዙት የሐረሩ አሚር ዐብዱሽኩር እንደሆኑ ይነገራል። በሐረር የአውሊያ ቁባዎችን ያየ ሰው የድሬን ቁባ ሲያይ ዝምድናቸው ወዲያው ይገባዋል፤ የድንጋይ ግንብ፣ ክብ ጣሪያ፣ ነጭ የኖራ ቅብ። ዘያሪዎች ባለ መንታ ጫፍ በትር ይዘው፣ በኦሮምኛ ባህሮ እያሰሙ ከአርሲ፣ ከባሌና ከሐረርጌ ይተማሉ፤ በተለይ በዐረፋ ሰሞን።

ውድ አድማጮቻችን፣ በዚያራና በቁባ ጉዳይ በመካከላችን ክርክር እንዳለ እናውቃለን። ሰላታችንም ዱዓችንም ለአላህ ብቻ ነው፤ ቀብር የሚዘየረው አኺራን ለማስታወስና ለሟች ዱዓ ለማድረግ ነው። ከዚህ የሚያልፍ ነገር ከታየ ዑለማዎች በኪታብና በጥበብ ያርሙት። ክርክሩ ግን አሮጌ ግንብ ለማፍረስ ሰበብ ሊሆን አይገባም። የፈረሰ ታሪክ በክርክር አይመለስም።

ሌላው አፍራሽ ደግሞ በጎ ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ነው። ገንዘብ ሲገኝ «እናድሰው» ብለን ሲሚንቶ እንለስናለን። በጭቃና በኖራ የተሠራ ግንብ ግን ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ሲለሰንበት እርጥበቱ ውስጡ ታፍኖ ይቀርና ግንቡን ከውስጥ ይበላዋል። አባቶቻችን ኖራውን በየጊዜው እየቀቡ ያቆዩት በከንቱ አልነበረም።

ድሬ ሸኽ ሑሴን እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ጊዜያዊ የቅርስ መዝገብ ገብቷል። ይህ መልካም ነው፤ ዋናው መዝገብ ግን የእኛ ልብ ነው። እንግዲህ የየመንደራችንን አሮጌ መስጂድ ከመነካካታችን በፊት ሽማግሌ እንጠይቅ፣ ባለሙያ እናማክር፣ ልጆቻችንንም ይዘን ሄደን ማን እንደሠራው እንንገራቸው።

አላህ የደጋጎቹን ሥራ ይቀበል፤ አደራቸውንም ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።