ጌጠ ሽመና፦ ለጃካርድ ጨርቅ የቀረበ ስም

ጌጠ ሽመና፦ ጌጡ ጨርቁ ሲሸመን አብሮ የተሠራ፣ ኋላ በቀለም ያልታተመ፣ በመርፌም ያልተጠለፈ ጨርቅ። በፋብሪካ የተሠራው በዓለም ገበያ ጃካርድ በሚል ስም ይታወቃል።

ለመጋረጃ፣ ለሶፋ ልብስ ወይም ለጠረጴዛ የሚሆን ጨርቅ ስንገዛ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙና አበባው ላይ ነው። ሻጩም «ባለ አበባው ይሁንልዎ?» እያለ ጥቅሉን ያወርድልናል። አበባው ግን ጨርቅ ላይ የሚወጣው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አንደኛው ኅትመት ነው፤ ያለቀለት ጨርቅ ላይ ቀለም ይታተማል። ሁለተኛው ጥልፍ ነው፤ ያለቀለት ጨርቅ በመርፌና በክር ይጠለፋል። ሦስተኛው ከሁለቱም ይለያል። ጨርቁና ጌጡ አብረው ይጀመራሉ፣ አብረው ያልቃሉ፤ አበባው ይነቀል ቢባል ጨርቁ ራሱ ይፈርሳል ወይም ይጎዳል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኅትመትና ጥልፍ የሚሉ ስሞች አሉን። ለሦስተኛው የቀረበው ስም ጌጠ ሽመና ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ከድርና ከማግ መነሣት ያስፈልጋል። ድር በቁመት ተወጥሮ የሚቀመጠው ክር ነው፤ ማግ ደግሞ በመወርወሪያ እየተሳበ ድሩን በአግድም የሚያቋርጠው። ማጉ አንዱን የድር ክር ከላይ፣ ቀጣዩን ከሥር እያለ ሲያልፍ ተራ ሽመና ይባላል፤ አቡጀዴ የሚሠራው እንዲህ ነው። ክሩ ከአንድ በላይ እየዘለለ፣ ዝላዩም በየመስመሩ በአንድ ክር ፈቀቅ ሲል ሰያፍ መስመር ይወጣል፤ ጂንስ ሱሪ ላይ የምናየው ይኸው ነው። አንዱ ክር አራትና ከዚያ በላይ በሆኑ ክሮች ላይ ሳይታሰር ረዝሞ ሲተኛ ደግሞ ገጹ ይለሰልሳል፣ ብርሃንም ይመልሳል፤ ይህ ሳቲን ነው።

ጌጠ ሽመና እነዚህን አስተሳሰሮች በአንድ ጨርቅ ላይ ያዋህዳል። ነጭ የዳማስክ የጠረጴዛ ልብስን ቀረብ ብለን እንመልከት። ክሩ ሁሉ ነጭ ነው፤ ሌላ ቀለም የለበትም። አበባው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። መደቡ ላይ በብዛት ወደ ላይ የወጣው ድር ነው፤ አበባው ላይ ደግሞ ማግ። ሁለቱ ክሮች የተኙበት አቅጣጫ ስለሚለያይ ብርሃኑን የሚመልሱትም በተለያየ መንገድ ነው። ከመስኮት አጠገብ ዘርግተን ቦታ ብንቀይር ሲያበራ የነበረው ይደበዝዛል፣ ደብዛዛው ያበራል። ጨርቁን ብንገለብጠው ያው አበባ በተቃራኒው ይታያል። ዳማስክ ስሙን ያገኘው ከደማስቆ ከተማ ነው።

ይህን ዓይነት ጨርቅ በእጅ መሥራት እጅግ አድካሚ ነበር። ማግ በተወረወረ ቁጥር ከብዙ መቶ የድር ክሮች መካከል የትኞቹ ተነሥተው የትኞቹ እንደሚቀሩ መወሰን አለበት። በአሮጌው አሠራር ሸማኔው ብቻውን አይችለውም፤ ረዳቱ በየመስመሩ ገመድ እየሳበ ክሮቹን ያነሣለት ነበር። በሐር ሥራዋ የታወቀችው የፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ለዚህ ችግር መፍትሔ ስትፈልግ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1725 ባዚል ቡሾን የተበሳ ወረቀት ተጠቅሞ ክሮቹን የሚመርጥ መሣሪያ ሠራ፤ ሌሎችም አሻሻሉት። በ1752 ሊዮን ውስጥ የተወለደው ዦዜፍ ማሪ ጃካርድ የእነዚህን ሰዎች ሐሳብ አቀናጅቶ በ1804 ለሥራ የሚበቃ መሣሪያ አቀረበ። ጨርቁም መሣሪያውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ።

መሣሪያው የሚታዘዘው በተበሱ ካርዶች ነው። ለእያንዳንዱ የማግ መስመር አንድ ካርድ ይመደባል፤ ካርዶቹም በተራቸው ተሰፍተው እንደ ሰንሰለት ይዞራሉ። የመርፌዎች ረድፍ ካርዱ ላይ ሲጫን፣ ቀዳዳ ያገኘው መርፌ ያልፋል፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው የድር ክርም ይነሣል። ቀዳዳ ያላገኘው ይገፋል፣ ክሩም ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ንድፉን የያዘው የሸማኔው ትውስታ ሳይሆን ካርዱ ሆነ። ካርዱ ሲቀየር ንድፉ ይቀየራል። በ1839 ሊዮን ውስጥ የጃካርድ ምስል በሐር ሲሸመን ወደ 24,000 የሚጠጉ ካርዶች ፈጅቷል፤ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅም አንድ ቅጂ ነበረው። ባቤጅ ሊሠራው ላሰበው የስሌት መሣሪያ የተበሳ ካርድ እንዲያገለግል ያቀደው ከጃካርድ የሽመና መሣሪያ ወስዶ ነው። የኮምፒውተር ታሪክ ሲነገር የሸማኔ ሙያ የሚነሣበት ምክንያት ይህ ነው። ዛሬ ካርዱን ኮምፒውተር ተክቶታል፤ ክሩን እየመረጡ የማንሣቱ ሐሳብ ግን አልተለወጠም።

ከጌጠ ሽመና ቤተሰብ ከዳማስክ ቀጥሎ ሁለተኛው ብሮኬድ ነው። በብሮኬድ፣ በመሠረት ጨርቁ ላይ ተጨማሪ ማግ፣ ብዙ ጊዜ የሐር ወይም የወርቅና የብር ክር፣ አበባው ባለበት ቦታ ይገባል። አበባው ስለዚህ ከመደቡ ትንሽ ከፍ ብሎ ለእጅ ይታወቃል። ለዚህኛው አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገንም። የከበረውን የሐር ጨርቅ አባቶቻችን ግምጃ ሲሉት ኖረዋል፤ በወርቅ ክር ያጌጠውን ደግሞ ወርቀ ዘቦ። ግምጃ ከወርቅ እኩል የሚጠበቅ ሀብት ስለነበር የሚቀመጥበት ቤት ግምጃ ቤት ተባለ። ጎንደር ያለችው ግምጃ ቤት ማርያም በዚህ ስም ትጠራለች፤ መንግሥት ገንዘብ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው።

ከፋይ፣ ማለትም ቬልቬት፣ የጌጠ ሽመና የቅርብ ዘመድ ነው። በከፋይ ተጨማሪ ድር በቀጫጭን ዘንጎች ላይ ቀለበት እየሠራ ይሸመንና ቀለበቱ ሲቆረጥ ጠጉር ያወጣል። ጠጉሩ በአንድ ቦታ ሲቆም፣ በሌላ ቦታ ሲቀር ባለ ጌጥ ከፋይ ይገኛል።

የእጅ ጌጠ ሽመና አገራችን ውስጥ በየቀኑ የሚሠራ ነው። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች የቀሚሱን ጥበብ ሲያወጡ የድሩን ክሮች በጣታቸው እየቆጠሩ ያነሣሉ፣ ባለቀለሙን ክር ያሳልፋሉ፣ ከዚያ የመሠረቱን ማግ ወርውረው ይመታሉ። ካርዱ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው የሸማኔው ጭንቅላት ነው። ጎንደር ውስጥ በነገሥታቱ ዘመን የተሠራና ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ የቤተ ክርስቲያን የሐር መጋረጃም አለ፤ በላዩ የሚታዩት የሰዎች ምስሎች የተሸመኑ እንጂ የተሣሉ አይደሉም።

ስሙ የሚያስፈልገን በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ጥበቡ የታተመበት የፋብሪካ ቀሚስ ከእጅ ሥራው ጎን በገበያ ተሰቅሏል። ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ግን የብዙ ቀን ድካም ነው። ገዢ ልዩነቱን የሚጠይቅበት ቃል ከሌለው በዋጋ ብቻ ያወዳድራል፤ ሸማኔውም ይጎዳል።

ልዩነቱን ለማወቅ ጨርቁን መገልበጥ ይበቃል። ኅትመት ከሆነ ጀርባው ደብዝዞ ወይም ጭራሽ ባዶ ሆኖ ይታያል። ጥልፍ ከሆነ ጀርባው ላይ ቋጠሮና የክር ጫፍ ይገኛል፤ ከሥሩ ያለው ጨርቅም ሙሉ ነው። ዳማስክ ከሆነ ጌጡ በተቃራኒው ይወጣል። ብሮኬድ ከሆነ ጀርባው ላይ ከአበባ ወደ አበባ የተሻገሩ ልቅ ክሮች ይታያሉ፤ አንዳንዴም ተቆርጠው ይሆናል።

ለአጠቃቀምም ያው ምርመራ ይረዳል። ልቅ ክር የበዛበት ጨርቅ ቀለበትና ጥፍር ይይዘዋል፤ ስለዚህ ለመጋረጃ፣ ለትራስ ጌጥና ለካባ እንጂ በየቀኑ ለሚቀመጡበት ሶፋ አይመከርም። ለሶፋ ክሩ ጠበቅ ብሎ የታሰረ ጌጠ ሽመና ይሻላል። ዳማስክ ለጠረጴዛ ልብስና ለአልጋ ልብስ ይስማማል። መጋረጃ ሲሆን መስኮቱ ፀሐይ የሚበዛበት ከሆነ ሐር ቶሎ ስለሚጎዳ ከጀርባው ገበር ማድረግ ያስፈልጋል።

አጠቃቀም፦ በመሣሪያ የተሠራውን የጃካርድ ጌጠ ሽመና፣ በእጅ የተሠራውን የእጅ ጌጠ ሽመና ማለት ይቻላል።

«መጋረጃው ኅትመት ነው ወይስ ጌጠ ሽመና?»

«የሙሽራዋ ቀሚስ ጥበቡ የእጅ ጌጠ ሽመና ስለሆነ ዋጋው ከታተመው ይበልጣል።»