የተቆላለፈ ሰርቨር፤ ሶኬቱ ከመነቀሉ በፊት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። በሕግ ትምህርት ቤት የተማርነውም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ ፍሬ ነገሩ ሳይጣራ ፍርድ አይሰጥም። በመሥሪያ ቤቶቻችን የኮምፒውተር ክፍል ግን ይህ ደንብ ሲጣስ ደጋግሜ አያለሁ። «ሰርቨሩ ቆሟል» ይባላል። አለቃው «አጥፍታችሁ አብሩት» ይላል። ይጠፋል፣ ይበራል፣ ሥራ ይቀጥላል። ለምን እንደቆመ ግን የጠየቀ የለም። በሳምንቱ ደግሞ ይቆማል።

ውድ አንባብያን፣ እኔ የሕግ ሰው እንጂ የኮምፒውተር መሐንዲስ አይደለሁም። ይሁንና ዛሬ መዝገብ ማለት በመደርደሪያ ላይ የተከመረ ወረቀት ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የትልቅ ዩኒቨርሲቲና የትላልቅ ሆስፒታሎች መቀመጫ ናት። የፍርድ ውሳኔ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የተማሪ ውጤትና የታካሚ ካርድ ወደ ማከማቻ ሰርቨር በገባ መጠን የሰርቨሩ ጤና የዜጎች መብት ጉዳይ ይሆናል። ስለሆነም ባለሙያዎቹ «ዴድሎክ» ስለሚሉት የፋይል ሲስተም መቆላለፍ፣ እንዴት እንደሚለይና እንዴት እንደሚመረመር ሥራ አስኪያጁም ሆነ የሕግ ክፍል ኃላፊው ሊያውቀው የሚገባውን እነሆ።

መቆላለፍ ማለት ምን ማለት ነው?

ወደ ጣና ዳር እንውረድ። ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች አሉ እንበል፤ በመካከላቸው ያለው አንድ የደንገል ታንኳና አንድ መረብ ብቻ ነው። አንደኛው ቀድሞ ታንኳውን ይዞ መረቡን ይጠብቃል። ሁለተኛው ቀድሞ መረቡን ይዞ ታንኳውን ይጠብቃል። ሁለቱም የያዙትን አይለቁም። ፀሐይ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፤ ዓሣው በሐይቁ፣ ሰዎቹ በዳርቻው ይቀራሉ። የታመመ የለም፤ የተሰበረ ዕቃም የለም። ግን ሥራ የለም።

በሰርቨር ውስጥም እንዲሁ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ አንድን ማውጫ ወይም ፋይል ሊነኩ ስለሚፈልጉ ከርነሉ (የኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ) ቁልፍ አዘጋጅቷል። ቁልፉን የያዘ ይጽፋል፣ ሌላው ይጠብቃል። ቁልፍ ባይኖር ኖሮ ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ ሲጽፉ መዝገቡ ይበላሻል። አንደኛው ፕሮግራም ፋይልን ከማውጫ «ሀ» ወደ ማውጫ «ለ»፣ ሌላኛው ደግሞ ከ«ለ» ወደ «ሀ» ሊያዛውር ቢነሣና እያንዳንዱ የመነሻውን ማውጫ ቀድሞ ቢቆልፍ፣ የጣናው ታሪክ ይደገማል። ሊኑክስ ይህን አደጋ ስለሚያውቅ ፋይል ከማውጫ ወደ ማውጫ ሲዛወር ለፋይል ሲስተሙ በሙሉ አንድ የጋራ ቁልፍ ቀድሞ እንዲያዝ ያደርጋል።

ይህን ጉዳይ በንድፈ ሐሳብ ቀድመው ካነሡት አንዱ ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 «ገዳይ እቅፍ» ብሎ ጠራው። አምስት ፈላስፎች በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በአምስት ሹካ ሲቸገሩ የሚያሳየው የታወቀው ምሳሌም የእርሱ ነው። እኛ ከአንድ ገበታ በእጃችን ስለምንበላ ምሳሌው ሊያስቀን ይችላል፤ ችግሩ ግን የእኛም ነው።

አራቱ ፍሬ ነገሮች

በወንጀል ሕጋችን አንድ ድርጊት ወንጀል ለመባል ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ በአንድነት መሟላት አለባቸው። መቆላለፍም የራሱ ፍሬ ነገሮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮፍማን፣ ኤልፊክና ሾሻኒ የተባሉ ተመራማሪዎች አራት አድርገው ዘርዝረዋቸዋል፤

አንደኛ፣ ንብረቱ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ባለቤት የማይቀበል መሆኑ፤
ሁለተኛ፣ አንዱን ይዞ ሌላውን መጠበቅ መኖሩ፤
ሦስተኛ፣ የተያዘውን በግድ ማስለቀቅ አለመቻሉ፤
አራተኛ፣ ጥበቃው ክብ መሥራቱ፣ ማለትም እኔ አንተን፣ አንተ ደግሞ እኔን መጠበቃችን።

ከአራቱ አንዱ ከጎደለ መቆላለፍ የለም። መፍትሔውም ከዚሁ ይወጣል፤ አንዱን ፍሬ ነገር ማፍረስ ይበቃል። በውል ሕግ «አንተ ካልፈጸምክ እኔም አልፈጽምም» ብለው የተፋጠጡ ሁለት ተዋዋዮችን ፍርድ ቤት ጣልቃ ገብቶ ይፈታቸዋል። የዳታቤዝ ፕሮግራሞችም እንዲህ ዓይነት ዳኛ አላቸው። ለምሳሌ የማይኤስኪውኤል ሞተር የሆነው ኢኖዲቢ ክቡን ሲያገኝ ከተቆላለፉት አንዱን መርጦ ሥራውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ሌላው ያልፋል። በከርነሉ ውስጥ ያለው የፋይል ሲስተም ቁልፍ ግን በአብዛኛው ዳኛ የለውም። በግማሽ የቀረን ሥራ ወደ ኋላ መልሶ ቁልፉን የሚያስለቅቅ ስለሌለ፣ አንዴ ከተቆላለፈ በራሱ አይፈታም።

የሚመስሉት ግን ያልሆኑት

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የቆመ ሰርቨር ሁሉ የተቆላለፈ አይደለም። ቢያንስ አራት መንታ መልኮች አሉት።

የመጀመሪያው ቀርፋፋ ወይም የታመመ ዲስክ ነው። አይኦስታት የተባለው መሣሪያ የዲስኩን እንቅስቃሴ ያሳያል። ቁጥሩ በዝግታም ቢሆን እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ነገሩ መቆላለፍ ሳይሆን ወረፋ ነው። በከርነሉ መዝገብ ውስጥ የዲስክ ስሕተት ከተጻፈ ደግሞ ጥፋተኛው ታውቋል።

ሁለተኛው የጠፋ ሩቅ ሰርቨር ነው። በኤንኤፍኤስ አማካይነት ከሌላ ሰርቨር የተገናኘ ማውጫ «ሃርድ» በሚባለው ደንብ ከተያያዘ፣ ሩቁ ሰርቨር እስኪመለስ ድረስ ያለ ገደብ እንዲጠብቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ኔትወርኩ ሲመለስ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። እንዲህ ያለውን መግደል ሕመም የሌለበትን ሰው ቀዶ ሕክምና እንደማስገባት ነው።

ሦስተኛው ወደ ዲስክ የሚወስደው መንገድ መቋረጡ ነው። በሁለት መስመር የተገናኘ ማከማቻ መስመሮቹ ሁሉ ሲጠፉ ጥያቄዎችን እንዲያከማች ከታዘዘ፣ ዝም ብሎ ያከማቻል፤ ከውጭ ሲታይ ቆሟል።

አራተኛው እንዲቆም የታዘዘ ፋይል ሲስተም ነው። ባክአፕ ሲወሰድ ፋይል ሲስተሙ ለአፍታ «ይቀዘቅዛል»፤ ጽሑፍ አይቀበልም። ባክአፑ መሐል ላይ ቢቋረጥና የሚያሞቀው ትእዛዝ ሳይሰጥ ቢቀር፣ ሊጽፍ የመጣ ሁሉ ተሰልፎ ይቀራል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ያየሁት ይህንኑ ነበር። አለቃው ሶኬቱ እንዲነቀል አዘው ነበር። አንዲት ወጣት ባለሙያ «ጋሼ፣ እባክዎ ሃያ ደቂቃ ይስጡኝ» አለቻቸው። ሌሊት የተጀመረው ባክአፕ በግማሽ መቋረጡን ከመዝገቡ አገኘች። በአንዲት ትእዛዝ አሞቀችው፤ የጠፋ ፋይልም አልነበረም።

ምርመራው ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ሰዓቱን ጻፉ፤ አትንኩ። የቆመው የትኛው ማውጫ እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚሠራ፣ ከመቆሙ በፊት ምን እንደተጀመረ (ባክአፕ፣ ማሻሻያ፣ ትልቅ ቅጂ) መዝግቡ። ማስታወሻውን በተቆላለፈው ዲስክ ላይ አታስቀምጡ፤ እናንተም ተሰልፋችሁ ትቀራላችሁ።

ሁለተኛ፣ የቆሙትን ፕሮሰሶች ለዩ። ፒኤስ የተባለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ሁኔታ በፊደል ያሳያል። «ዲ» የሚል ምልክት ያለው በጥልቅ ጥበቃ ላይ ነው፤ በአብዛኛው በ9 ቁጥር ምልክት እንኳ አይሞትም። ሌላው ምልክት የሰርቨሩ የጭነት ቁጥር እየናረ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ መቀመጡ ነው። ሊኑክስ የሚጠብቁትንም ከጭነት ስለሚቆጥር ነው እንዲህ የሚሆነው።

ሦስተኛ፣ የከርነሉን መዝገብ አንብቡ። በብዙ ሰርቨሮች ላይ አንድ ፕሮሰስ ከ120 ሰከንድ በላይ ከቆመ ከርነሉ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ቀርፋፋ ዲስክም ያስጽፈዋል። ደግሞም በተለመደው አቀማመጥ 10 ጊዜ ካስጠነቀቀ በኋላ ዝም ይላል። ዝምታውን «ተስተካክሏል» ብሎ መተርጎም አደገኛ ነው።

አራተኛ፣ ቃል ተቀበሉ። «ሲስሪኩ» በሚባለው የከርነል በር «ደብልዩ» የተባለችው ፊደል ስትሰጥ፣ በጥልቅ ጥበቃ ላይ ያሉት ፕሮሰሶች ሁሉ የት ላይ እንደቆሙ ይጻፋል። አንድ ደቂቃ ቆይቶ መድገም ይገባል። በሁለቱ መካከል ቦታው ከተለወጠ ሥራው በዝግታ እየሄደ ነው፤ ካልተለወጠ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

አምስተኛ፣ ክቡን ሥሉ። በወረቀት ላይ ማን የትኛውን ቁልፍ እንደያዘና የትኛውን እንደሚጠብቅ ቀስት አድርጉ። ቀስቱ ዞሮ ከተነሣበት ከደረሰ መቆላለፉ ተረጋገጠ። ቀስቱ ከዲስክ ወይም ከኔትወርክ ላይ ካበቃ ግን ተጠያቂው እዚያ ነው። አንዳንዴ ክቡ የሚያልፈው በሜሞሪ በኩል ነው። ፋይል ሲስተሙ ቁልፍ ይዞ ሜሞሪ ይጠይቃል፤ ሜሞሪ ለማስለቀቅ የተነሣው ክፍል ደግሞ ያንኑ ፋይል ሲስተም ይጠብቃል። አንድ ማሽን የራሱን ማውጫ በኤንኤፍኤስ ለራሱ ሲያገናኝ የሚገጥመውም የዚሁ ዘመድ ነው።

ስድስተኛ፣ ማስረጃውን ወደ ሌላ ማሽን ቅዱ። ኬዳምፕ የተባለው ሥርዓት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ከሆነ የሜሞሪውን ሙሉ ምስል መውሰድ ይቻላል። ከዚህ በኋላ ብቻ ነው ዳግም ማስነሣት የሚመጣው።

ዳግም ሲነሣ

እውነተኛ መቆላለፍ ከተረጋገጠ ማስነሣት ግድ ነው። በቅድሚያ ጤነኛ በሆኑት ዲስኮች ላይ ያሉትን ዳታቤዞች በወጉ ዝጉ። በተቆላለፈው ላይ «ሲንክ» ብሎ ማዘዝ ራሱ ተሰልፎ ሊቀር ይችላል። በሜሞሪ ቆይቶ ወደ ዲስክ ያልወረደ ጽሑፍ እንደሚጠፋ አውቃችሁ ለተጠቃሚው ንገሩ። ያልተነገረ ኪሳራ ነው በኋላ ክስ የሚሆነው።

ኤክስት4ም ሆነ ኤክስኤፍኤስ ጆርናል የሚባል የሥራ መዝገብ ስላላቸው ሲነሡ የተጀመረውን ያስተካክላሉ። ማስተካከያ መሣሪያን በተያያዘና በሚሠራ ፋይል ሲስተም ላይ ማስኬድ ክልክል ነው። በተለይ የኤክስኤፍኤስ ጥገና መሣሪያ «መጀመሪያ አያይዘህ ጆርናሉ ይሥራ» ሲል ትእዛዙን መፈጸም እንጂ፣ ጆርናሉን የሚሰርዘውን ምርጫ ቸኩሎ መጠቀም አይገባም። እርሱ የመጨረሻው ሰይፍ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህም ይሠራል፤ ልዩነቱ የፈሰሰው መዝገብ ሁልጊዜ የማይለቀም መሆኑ ነው።

መከላከሉ

ዋናው መድኃኒት ሥርዓት ነው። ሁሉም ቀድሞ ታንኳውን፣ ቀጥሎ መረቡን የሚይዝ ከሆነ ክብ አይፈጠርም። የከርነል ጸሐፊዎችም ቁልፎችን በታወቀ ተራ ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢንጎ ሞልናር ወደ ሊኑክስ ያስገባው «ሎክዴፕ» ተራው ሲዛባ መቆላለፉ ገና ሳይደርስ ይጮኻል። ፍጥነት ስለሚቀንስ ቦታው የሙከራ ማሽን ነው። ለእኛ የሚቀረው የከርነል ማሻሻያን በሙከራ ማሽን ፈትሾ በወቅቱ መጫን፣ ኬዳምፕን አስቀድሞ ማዘጋጀትና ባክአፕ መያዝ ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላልና፣ ሁለተኛው ባላ በሌላ ማሽን ላይ ይሁን፤ ተመልሶ መነበቡም ይሞከር።

ለሥራ አስኪያጆች የምለው አለኝ። ሰርቨር ስትገዙ በውሉ ላይ የዕቃውን ዓይነት ብቻ አትጻፉ። ሲቆም ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ደረጃ እንደሚመረምር አስገቡ። «በኢንተርኔት ከአዲስ አበባ እንረዳችኋለን» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የምናውቅ ሰዎች፣ መርማሪው ከተማው ውስጥ፣ መመሪያውም ታትሞ በሰርቨሩ ክፍል ግድግዳ ላይ መሆን እንዳለበት እንረዳለን።

እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ ምሁር በጣና ደሴቶች ገዳማት ያሉ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አንሥተዋል። ብራናዎቹን ለዘመናት ያቆዩአቸው መነኮሳት የነበራቸው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ዕቃ ቤት፣ ቁልፍና የቁልፉ ኃላፊ። መጽሐፉን ማን እንዳወጣና መቼ እንደመለሰ የሚጠየቅ ሰው ነበር። ዛሬ የእኛን መዝገብ የሚጠብቀው ሰርቨር ቁልፍ በሺሕ አለው፤ ቁልፉን ማን እንደያዘ የሚጠይቅ ባለሙያና ሃያ ደቂቃ የሚታገሥ አለቃ ግን ከየመሥሪያ ቤታችን ሊገኙ ይገባል። ቸር እንሰንብት።